የተማሪ ቤት አትክልት ቦታ ለሕፃናት ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም

ትምህርት ወደ ሕፃን ልብ የሚገባው በጆሮ ብቻ አይደለም፤ በዐይንና በእጅም ይገባል። በጆሮ ብቻ የገባው ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል፤ ዐይን አይቶት እጅ የሠራው ግን ከሰውየው ጋራ ይኖራል። የቀድሞው የቆሎ ተማሪ በብራና ላይ ከመጻፉ አስቀድሞ መቃውን ቈርጦ ብርዑን ይቀርጽ፥ ቀለሙንም ራሱ ይበጠብጥ ነበር። የትኛው መቃ እንደሚሰነጠቅ፥ የትኛውም ለብርዕ እንደሚሆን ያወቀው በእጁ ሞክሮ ነው።

ዛሬ በብዙ ተማሪ ቤት ስለ ዕፅዋት የሚሰጠው ትምህርት ግን በጥቁር ሰሌዳ ተጽፎ በደብተር ተገልብጦ ይቀራል። ሕፃኑ «ሥር ውሃን ይስባል፥ ቅጠልም ምግብን ያዘጋጃል» ብሎ በቃሉ ይወጣዋል፤ ነገር ግን በክፍሉ ደጃፍ የበቀለውን ሣር ነቅሎ ሥሩን አላየም። የገበሬ ልጅ እንኳ ቢሆን በቤቱ የሚያየውና በክፍል የሚማረው የማይተዋወቁ ሁለት ነገሮች ይመስሉታል። ከዚህ የሚከተለው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ልጁ ትምህርትን ከእርሻ ማምለጫ መንገድ፥ እርሻንም ያልተማረ ሰው ዕጣ አድርጎ ይቈጥረዋልና።

ይህን ለማቃናት ብዙ ገንዘብ አያሻም። አንድ ብርጭቆ፥ ጥቂት ጥጥ፥ ጥቂትም የባቄላና የቦሎቄ ፍሬ ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃል። ጥጡን በውሃ አርሶ ፍሬዎቹን በብርጭቆውና በጥጡ መካከል ያኖሯቸው እንደ ሆነ፥ ከጥቂት ቀን በኋላ አስቀድሞ ሥር ብቅ ይላል። ፍሬው ተገልብጦ ቢቀመጥ እንኳ ሥሩ ዞሮ ወደ ታች፥ ቡቃያውም ዞሮ ወደ ላይ ይሄዳል። ሁለቱን በአፈር ሲዘሯቸው ደግሞ ቦሎቄ የፍሬውን ሁለት ክፋዮች ተሸክሞ ከመሬት በላይ ይወጣል፤ ባቄላ ግን ክፋዮቹን ከአፈር ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል። መምህሩ ሳይነግራቸው ልጆቹ ይህን ልዩነት ራሳቸው ያገኙት እንደ ሆነ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተውሎ ማየትን ይለምዳሉ።

ሒሳብም በዚያው በመደቡ ላይ ይገኛል። ከ20 ፍሬ 17ቱ የበቀሉ እንደ ሆነ ከመቶ 85 ማለት ነው፤ ዘሩ መልካም መሆኑንም ገበሬው ከመዝራቱ በፊት በዚሁ መንገድ ሊፈትነው ይችላል። ከሁለት ቡቃያዎች አንዱን በብርሃን፥ ሁለተኛውን በሣጥን ውስጥ በጨለማ ቢያኖሩ፥ በጨለማ ያለው ቀጥኖና ረዝሞ ቢጫ ሆኖ ይገኛል። የባቄላውን ተክል በጥንቃቄ ነቅለው ሥሩን ቢያጥቡት ትናንሽ እባጮች ይታያሉ፤ በውስጣቸው የሚኖሩት በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ሕያዋን ከአየር ናይትሮጅን የሚባለውን ወስደው ተክሉን ይመግቡታል። ገበሬው ባቄላ ወይም አተር በነበረበት ማሳ ስንዴ ወይም ገብስ ማፈራረቁ ምክንያት ያለው መሆኑን ልጁ የሚረዳው፥ አባቱንም በአዲስ ክብር የሚያየው በዚህ ጊዜ ነው።

ምርመራ እንዴት እንደሚሠራም የሚያስረዳ ታሪክ አለ። የብራባንት ሰው ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት በድስት ውስጥ 200 ሊብራ የደረቀ አፈር መዝኖ፥ 5 ሊብራ የሚመዝን የአኻያ ዛፍ ተከለበት፤ ውሃ ብቻ እያጠጣ 5 ዓመት ጠበቀው። ዛፉ 169 ሊብራ ሆነ፤ አፈሩ ግን የጎደለው ጥቂት ብቻ ነበር። ይህ ምርመራው ከሞተ በኋላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1648 ዓ.ም. ታተመ። እርሱ ዛፉ ሁሉ የመጣው ከውሃ ነው ብሎ ደመደመ፤ ከአየር የሚወሰድ ነገር መኖሩን የገለጹት ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ናቸው። መደምደሚያው ቢሳሳትም መመዘኑ አልተሳሳተም፤ ልጆችም ከግምት ይልቅ በሚዛን መከራከርን ከዚህ ይማራሉ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። ጤፍ፥ ኑግና እንሰት መጀመሪያ ለማዳ የሆኑት በዚህ ምድር ነው፤ ዐረቢካ የተባለውም ቡና በደቡብ ምዕራብ ደኖች በዱር ይበቅላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. የሩሲያው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደዚህ መጥቶ የሰብሎችን ዐይነት ሰብስቧል፤ በ1976 ዓ.ም. ደግሞ የአገሩን ዘር የሚጠብቅ ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቁሟል። ማእከሉ ዘሩን በብርድ ቤት ይጠብቃል፤ የዘሩ ስም፥ የሚስማማው መሬትና የሚበላበት መንገድ ግን በሽማግሌዎችና በባልቴቶች ዘንድ ነው። ተማሪው ከቤቱ አንድ እፍኝ ዘር ይዞ፥ አያቱም ስለ ዘሩ የነገሩትን በደብተሩ ጽፎ ቢመጣ፥ ይህ ዕውቀት ከባለቤቶቹ ጋራ ከመቀበር ይድናል። የአፈሩም ነገር እንዲሁ ነው። ሁለት ሣጥን አፈር አዘንብሎ፥ አንዱን ራቁቱን፥ ሁለተኛውን ሣር አልብሶ እኩል ውሃ ቢያፈሱባቸው፥ ከሁለቱ የሚወርደው ውሃ መልኩ ሲለያይ ልጆቹ በክረምት ወንዙ ለምን እንደሚደፈርስ ይገባቸዋል።

ነገር ግን አትክልቱ እንዳይጠላ መጠንቀቅ ያሻል። በአንዳንድ ተማሪ ቤት መቈፈርና ውሃ መቅዳት ለዘገየ ወይም ለረበሸ ልጅ ቅጣት ሆኖ ይሰጣል። መሬት መቈፈር የጥፋተኛ ሥራ ነው ብሎ በሕፃንነቱ የተማረ ልጅ አድጎ እርሻን ሊያከብር አይችልም። ስለዚህ መቈፈሪያው ከቅጣት ፈጽሞ መለየት አለበት። ፍሬውም ለማን እንደሚሆን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገር፤ ልጆች የደከሙበት ጎመን ወዴት እንደ ሄደ ሳያውቁት የጠፋ እንደ ሆነ የሚማሩት ግፍን እንጂ እርሻን አይደለም። የተባይ መርዝ ከሕፃናት እጅ ይራቅ፤ እንደ ጉሎ ፍሬና እንደ አስተናግር ያሉት መርዛም መሆናቸውም አስቀድሞ ይታወቅ።

ሌላው ችግር የዘመኑ አቈጣጠር ነው። ዝናም በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ተማሪ ቤት ይዘጋል፤ በበጋ ደግሞ ውሃ ያጥራል። መድኀኒቱ ቶሎ የሚደርሰውን መምረጥ ነው፤ ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ የሐበሻ ጎመንም ቅጠሉ እየተለቀመ ይቈያል። ልጆች እጃቸውን የታጠቡበት ውሃ ለአንድ ትንሽ መደብ ይረዳል። መሬት የሌለው ተማሪ ቤት የተሰበረ ማሰሮና አሮጌ ጣሳ አፈር ሞልቶ ይጀምር።

እንግዲህ ርእሰ መምህራን መሬቱን ከልለው፥ ወላጆችም አጥሩን አጥረው ዘሩን ሰጥተው፥ መምህራንም የዕፅዋትን ትምህርት በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ከክፍል አውጥተው ቢሰጡ፥ ሥራው ይጀመራል። ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት አንድ ክንድ መደብ ይድረሰው፤ የዘራበትን ቀን፥ የበቀለበትን ቀንና የቡቃያውን ቁመት በደብተሩ ይጻፍ። ያልበቀለበትም ልጅ አይነቀፍ፤ ስለ ምን እንዳልበቀለ ይጠየቅ፥ ዳግመኛም ዘር ይሰጠው።