የሕፃን መድኃኒት በልኩ

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በሾኔም ሆነ በአንጋጫ፣ የገበያው ግርግር ሲበርድ ሕፃኗን አዝላ ከመድኃኒት ቤት መስኮት የምትቆም እናት ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የምትጠየቀው የልጇን ዕድሜ ነው፤ ሁለት ዓመቱ ነው ያለች እንደ ሆነም፣ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ አካሉ አንድ እንደ ሆነ ተቆጥሮ ሽሮፑ በማንኪያ ይታዘዝላታል፣ ሽሮፕ ከታጣም የአዋቂው ኪኒን በምላጭ ይከፈልላታል። ሲከፈል ቀርቦ ለተመለከተ ግን፣ አንዱ ግማሽ ከሌላው ይበልጣል፣ ብናኙም በጠረጴዛው ላይ ይቀራል። የሻይ ማንኪያውም ቢሆን 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል ተብሎ ይታሰብ እንጂ፣ በየቤቱ ያለው አንዱ ያንሳል፣ አንዱ ይተርፋል።

የልኩ ነገር እንዲህ የሚያስጨንቀው፣ ሕፃን ቁመቱ ያጠረ አዋቂ ሳይሆን ጠባየ አካሉ ራሱ የተለየ ስለ ሆነ ነው። የአራስ ልጅ ጉበትና ኩላሊት መድኃኒትን የማስወገድ ኀይላቸው ገና ስላልጠና፣ ለአዋቂው ፈውስ የሆነው ለእርሱ መርዝ ይሆንበታል፤ ክሎራምፌኒኮል የተሰጣቸው አራሶች ገላቸው አመድ መስሎ መሞታቸው በ1959 እ.ኤ.አ. የተገለጸው በዚሁ ምክንያት ነበር። ልጁ ዓመት ከሞላው በኋላ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ በክብደቱ መጠን ሲታሰብ ብዙውን መድኃኒት ከአዋቂ ይልቅ ፈጥኖ ያስወግዳል። ለጽኑ ወባ በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔት ለአዋቂ በኪሎ 2.4 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በትናንሽ ልጆች ደም ውስጥ መጠኑ አንሶ ስለ ተገኘ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. መመሪያው ከ20 ኪሎ በታች ላሉት ወደ 3 ሚሊ ግራም ከፍ አድርጎታል።

ልኩን የሚለየው ዕድሜና ክብደት ብቻ ሳይሆን ዘረ መልም ነው። በሆሳዕና ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተሰየመው ከሐድያ ተወልደው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት በሆኑት በንግሥት እሌኒ ነው፤ የኢትዮጵያውያን አካል መድኃኒትን እንዴት እንደሚቀበል የመረመሩት ሊቅም እሌኒ መባላቸው ደስ የሚያሰኝ ግጥጥሞሽ ነው። ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ በስዊድን አገር በካሮሊንስካ ተቋም ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት አንዱን የጉበት ኢንዛይም የሚያዝዘው ዘረ መል እጥፍ ወይም ከእጥፍም በላይ ሆኖ እንደሚገኝባቸው ገለጠ፤ በሰሜን አውሮፓ ሰዎች ዘንድ ግን ይህ እጅግ ጥቂት ነው። ለሕመም ማስታገሻና ለሳል የሚሰጠውን ኮዴይን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ይኸው ኢንዛይም ስለ ሆነ፣ ዘረ መሉ የበዛበት ሕፃን የተለመደውን መጠን ውጦ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ኮዴይንን ከለከለ፤ አሜሪካኖች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የወሰኑት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እኔ ክልከላውን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ በልኩ መመጠን አልነበረም፣ የሚጎዳውን ከማይጎዳው ለይቶ ማወቅ ባይቻል ከሁሉም መንሣት ነበር እንጂ። የእያንዳንዱ ሕፃን ዘረ መል የሚመረመርበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ በየጤና ጣቢያው ያለውን ሚዛን የሚያህል መሣሪያ የለንም፤ ሊቃውንቱ በላቦራቶሪ የደከሙበትም ወደ ገጠር የሚደርሰው በሚዛኑ በኩል ነው። ለሳንባ ነቀርሳ ሕፃናት በውኃ የሚሟሟው ሦስቱን መድኃኒት የያዘ ኪኒን ከ4 እስከ 7 ኪሎ ላለው አንድ፣ ከ8 እስከ 11 ላለው ሁለት፣ ከ12 እስከ 15 ላለው ሦስት፣ ከዚያም በላይ እስከ 24 ኪሎ አራት ተብሎ ተመድቧል፤ በምላጭ የሚከፈል ነገር የለውም። ሕክምናውም ወራት የሚፈጅ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን 7 ኪሎ የነበረው ልጅ ምግብ ሲስማማው 8 ሊገባ ይችላልና፣ በየቀጠሮው ካልተመዘነ ያደገበትን ልክ ሳያገኝ ይቀራል። በምግብ እጥረት እጅግ የከሳው ልጅ ግን ለሊቃውንቱ ገና ያልተፈታ ጥያቄ ነው፤ ሚዛኑ የስድስት ወር ልጅ ነው ቢልም፣ ጉበቱ የሦስት ዓመት ልጅ ጉበት፣ ያውም የደከመ ነውና።