አቦል፣ ቶና፣ በረካ እና የመርዙ ጠርሙስ

ስሙኝማ! ይህን ነገር ዛሬ ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እዚህ ሸዋ ሮቢት ያደገ ሰው ባዶ የኬሚካል ጠርሙስ ብርቁ አይደለም። ሽንኩርቱን ወይ ማሾውን ተባይ ሲነካው አንድ ሊትር ተገዝቶ ይመጣል፤ በጀርባ በሚታዘለው መርጫ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ይረጫል። ልብ በሉ፣ መርዝ ሆኖ ሳለ «መድኃኒት» ነው የምንለው። ነገሩ ገና ከስሙ ተበላሽቷል እላለሁ። ጠርሙሱስ? ጠርሙሱማ ቤት ይገባል። ክዳኑ ጥብቅ፣ ፕላስቲኩ ወፍራም፤ በዚህ ሙቀት ውሃ የሚይዝ ዕቃ ማን ይጥላል?

የግብርና ባለሙያዎች «ሦስት ጊዜ እጠቡት፣ ከዚያ ብሱት» ይላሉ። ሰምቻለሁ፤ ግን ለምን ሦስት? ለምን አንዴ በደንብ አይታጠብም? ሦስት ቁጥር እኛ ዘንድ ለሁሉም ነገር ትሆናለችና፣ ለማሳመር ያሏት መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ አክስቴ ቤት ቡና እየጠጣሁ ነው። አቦሉ እንደ ከሰል ጥቁር ነበር። ቶናው ቀጠን አለ። በረካው ሲቀዳ የሲኒው ቂጥ ታየኝ። ያቺው ጀበና፣ ውሃ ብቻ ነው የተጨመረባት! ሲኒውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሦስት ጊዜ ማጠብ ማለት ይሄ ነው! ጠርሙሱን እስከ በረካ ማድረስ!

ቤት ገብቼ ቀይ ስር ቀቀልኩና ውሃውን አወፈርኩት። ሁለት ባዶ ሃይላንድ አመጣሁ፤ በየአንዳንዱ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨመርኩ። ይህ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ጠርሙሱ ሲገለበጥ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው መርዝ ነው እንበል። አንዱን ሃይላንድ 720 ሚሊ ሊትር ውሃ ሞልቼ አንዴ ብቻ አጠብኩትና ያቺው 10 እስክትቀር ደፋሁት። ለሌላው ያንኑ 720 ለሦስት ከፈልኩለት፤ 240 ጨምሮ መነቅነቅ፣ መድፋት፤ እንደገና 240፤ እንደገና 240። ውሃው እኩል ነው፣ አንድ ጠብታ አላዳላሁም። ከዚያ የሁለቱን ቅሪት ነጭ ሲኒ ላይ አንጠባጠብኩ።

አጃኢብ ነው! የአንዴው ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ አለ። የሦስቴው ኩልል ያለ ውሃ!

ሒሳቡን እስክሪብቶ ይዤ ሠራሁት፤ አትፍሩ፣ ማካፈል ብቻ ነው። 10 ላይ 240 ሲጨመር 250 ይሆናል። ከዚያ ውስጥ የምትቀረው 10 ናት፤ ስለዚህ ከመርዙ የቀረው ከ25 አንድ እጅ ነው። ሁለተኛው ዙር ያንን የቀረውን ደግሞ ለ25 ይከፍለዋል፦ ከ625 አንድ። ሦስተኛውም እንደዚያው፦ ከ15,625 አንድ! ውሃውን በአንድ ጊዜ ብታፈሱትስ? 730 ለ10 ሲካፈል፣ ከ73 አንድ ብቻ። በዚያው ውሃ፣ በመክፈል ብቻ፣ ከ200 እጥፍ በላይ የጠራ! እኔ ይህን ቁጥር ሳይ ብቻዬን ነው የሳቅኩት። ታዲያ የእውነቱ ጠርሙስ እንደ ቀይ ስሩ ገር የሚሆነው ሳይደርቅ፣ ወዲያው እንደተገለበጠ ሲታጠብ ነው። አንዴ ግድግዳው ላይ ከደረቀ እንደ ከረመ ሊጥ ነው፤ በመነቅነቅ አይለቅም።

ሌላው የገረመኝ ያጠብንበት ውሃ መሄጃው ነው። ቦይ ውስጥ ከደፋነው ከታች ከብት ይጠጣዋል። ግን መርጫው እኮ ውሃ እየጠበቀ አጠገባችን ነው! እጣቢውን እዚያው መገልበጥ ነው፤ ለመበጥበጫ የሚያስፈልገው ውሃ አካል ይሆንና ማሳው ላይ ያልቃል። የተከፈለበትም ብር ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ አይቀርም። ጓንት ማድረግ፣ ነፋሱን ከኋላ ማድረግ፤ ይህን ታውቁታላችሁ።

«ለምን ይህ ሁሉ ድካም፣ ጠርሙሱን አናቃጥለውም?» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ያልጋለ ምጣድ ላይ እንጀራ ስትጋግሩ ምን ይሆናል? አይበስልም፣ ዓይን አያወጣም፣ ተጣብቆ ሌላ ነገር ይሆናል። መርዝም በጓሮ እሳት እንደዚያው ነው፤ ግማሹ ሳይፈርስ በጭስ ይወጣል፣ ግማሹ ወደ ሌላ መርዝ ይለወጣል። በደንብ እንዲፈርስ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሚነድ፣ ጭሱን የሚያጣራ ልዩ ምድጃ ይፈልጋል። አገራችን ለአንበጣና ለተምች እየተባለ ለዓመታት የገባ፣ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ በየመጋዘኑ ተከማችቶባት ነበር። በ1990ዎቹ፣ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እገዛ፣ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው እየታሸገ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ተወስዶ ነው የተቃጠለው። አስቡት፣ እሳት ፍለጋ እስከ ፊንላንድ! እኛ ደግሞ በሁለት ክብሪት እንጨርሰዋለን ብለን።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ሄጄ ተነተንኩላት፤ ቡናውን የሰጠችኝ እሷ አይደለች? እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፦

«እንግዲያ በረካ ከደረሰ ዘይት ልያዝበታ!»

እዚህ ላይ ትንሽ ተንተባተብኩ። ከ15,625 አንድ ብያት የለ! በኋላ ደጃፉ ላይ የተንጠለጠለውን ጀሪካን አየሁት። ከስንት ዓመት በፊት ነጭ ጋዝ የነበረበት ነው።

«አክስቴ፣ ያንን ጀሪካን ስንት ጊዜ አጥበሽዋል?»

«እንዴ! በሳሙና፣ በአመድ፣ በፈላ ውሃ...»

«ሽታውስ?»

ዝም አለች። ፕላስቲክ እንደ ሸክላ ነው፤ የያዘውን ትንሽ ይጠጣዋል፣ ቀስ እያለም ይመልሰዋል። ሒሳቤ የሚቆጥረው ግድግዳው ላይ ያለውን እንጂ ግድግዳው ውስጥ የገባውን አይደለም። ስለዚህ የታጠበው ጠርሙስ ለምግብም ለውሃም አይሆንም። ተበስቶ፣ ለብቻው ጆንያ ውስጥ ታስሮ፣ ልጅና ከብት በማይደርስበት ተቆልፎ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ የት እንደሚረከቡት እስኪነግረን ይቀመጣል። ካልተበሳማ፣ እኛ በረሳነው ቀን የሆነ ልጅ ውሃ ይቀዳበታል።

አክስቴ ተነስታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በአንድ እጇ የማላታይን መርዝ ጠርሙስ፣ በሌላው መዶሻና ባለ አሥር ምስማር ይዛለች። ጠርሙሱ ውስጥ በርበሬ ዘር ነበረበት።