የተመሰጠረ መስመር ሲሰናከል አስቀድሞ ሰዓትን መመርመር

ፕሮግራም በመጻፍ ሥራ ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች አስቸጋሪው በተመሰጠረ የመገናኛ መስመር ላይ የሚደርሰው ነው። መስመሩ የተዘጋጀው ሌላ ሰው እንዳያይ በመሆኑ ብልሽቱን የሚፈልገውም ሰው ከውጭ ሆኖ ውስጡን ሊያይ አይችልም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከመንስኤዎቹ አንዱን፣ ማለትም የሰዓትን መዛባት፣ የካርቱምን ሁኔታ በምሳሌነት ወስደን እናስረዳለን።

ሁለት ኮምፒውተሮች በምሥጢር ከመነጋገራቸው በፊት ሰርቨሩ የምስክር ወረቀቱን ያቀርባል። በወረቀቱ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የሰጪው ፊርማ፣ እንዲሁም ወረቀቱ የሚጸናበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ይገኛሉ። ጠያቂው ኮምፒውተር እነዚህን ቀኖች የሚያመሳክረው ከራሱ ሰዓት ጋር ነው። ሰዓቱ ከተሳሳተ ትክክለኛውን ወረቀት አልቀበልም ይላል።

ሱዳን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2000 ጀምሮ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ቀድማ ቆይታ፣ በኖቬምበር 1 ቀን 2017 ወደ 2 ሰዓት ተመለሰች። ስለዚህ እስከዚያ ቀን ከአዲስ አበባ ጋር እኩል የነበረው የካርቱም ሰዓት በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ይህ ለውጥ ያልደረሰው ኮምፒውተር ሰዓቱን 1 ሰዓት አስቀድሞ ያሳያል። ባለቤቱ የሰዓት ክልሉን በማደስ ፈንታ ቁጥሩን በእጁ ቢመልሰው ለዓይን ትክክል ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያሰላው የግሪንዊች ሰዓት ግን በ1 ሰዓት ይዘገያል። አሁን የተሰጠ ወረቀትም ለእርሱ ጊዜው ገና ያልደረሰ ይሆናል።

ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደግሞ ዓመቱን በአገራችን አቆጣጠር ቢያስገባ ኮምፒውተሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ታላላቆቹ የድረ ገጽ ማሰሻዎች እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ የተሰጠ ወረቀት ዕድሜው ከ398 ቀን ከበለጠ አይቀበሉትም። በመሆኑም በዚያ ኮምፒውተር ዘንድ የሚጸና የድረ ገጽ ወረቀት አይገኝም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ የምርመራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ቀኑን፣ ዓመቱንና የሰዓት ክልሉን መመልከት፤

2ኛ/ ሌሎች ድረ ገጾችን መሞከር፤ ሁሉም እምቢ ካሉ ጥፋቱን በራስ ኮምፒውተር ወይም መስመር፣ አንዱ ብቻ ከሆነ በዚያው ሰርቨር መፈለግ፤

3ኛ/ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለው ፕሮግራም በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም፣ ቀንና ሰጪ ማንበብ፤

4ኛ/ ይህ ካልበቃ በዋየርሻርክ መስመሩን መከታተል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 በወጣው ቲ ኤል ኤስ 1.3 ወረቀቱ ራሱ ተመስጥሮ ስለሚያልፍ፣ ፋየርፎክስ የግንኙነቱን ቁልፎች በፋይል እንዲጽፍ አድርጎ ለዋየርሻርክ መስጠት ያስፈልጋል። ይህም በራስ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚደረግ ነው፤ ፋይሉም ከሥራው በኋላ መጥፋት አለበት።

ብዙ ጀማሪዎች ግን ፕሮግራሙ እንዲሠራላቸው ብቻ የወረቀቱን ማጣሪያ ይዘጉታል። ያን ጊዜ መሐል የገባ ማንኛውም ሰው ሰርቨሩን መስሎ ሊቀርብ ይችላል፤ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው የይለፍ ቃሉን ለሌባ ያስረክባል ማለት ነው። ዘበኛው ተሳስቶ ቢጮህ የተሳሳተበትን ማረም እንጂ በሩን ከፍቶ ማሰናበት አይገባም።

መምህራን በክፍል ውስጥ የአንዱን ኮምፒውተር ዓመት ወደ ኋላ መልሰው፣ ተማሪዎች ማጣሪያውን ሳይነኩ መንስኤውን እንዲያገኙ ቢያደርጉ ትምህርቱ ይበልጥ ይጨበጣል።