ከፍተኛ ሒሳብ ለመንደር ልጅ

ከፍተኛ ሒሳብ የጥቂት ምሁራን ልጆች ርስት ነው የሚለው አጉል እምነት መሠረተ ቢስ መሆኑ በሶቭየት ኅብረት በተግባር ታይቷል። የሒሳብ ሊቁ አንድሬይ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ60 ዓመት ዕድሜው፣ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሥር አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አደረገ። የገቡትም በሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ዓመታት ላይ የነበሩ፣ ከዋና ከተማዋ ርቀው ከሚገኙ ከተሞችና መንደሮች የተመረጡ ወጣቶች ናቸው። ሊቁ ራሱ ጠመኔ ጨብጦ ያስተማራቸው ከመሆኑም በላይ ሙዚቃ ያስደምጣቸው ነበር፤ ምንኛ የታደሉ ተማሪዎች!

ዳሩ ግን አዳሪ ቤቱ የሚበቃው ለጥቂቶች ነው። በየመንደሩ የቀረውስ ሰፊ ወጣት? ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የካልኩለስን መሠረት ለሁሉም በሚታደለው መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አስገባ። በ1978 የሙያ ባልደረቦቹ ማሻሻያውን እጅግ ረቂቅ ነው ሲሉ ክፉኛ ነቀፉት፤ በከፊልም እውነት ነበራቸው። ካልኩለሱ ግን ከመንደሩ ክፍል አልወጣም።