ማሽላው ምን በደለ?

በቋንቋችን ውስጥ ሆድ ያልገባበት ነገር የለም። ታጋሹን ሰው ሆደ ሰፊ፣ እንባው ቅርብ የሆነውን ሆደ ቡቡ እንለዋለን። ያዘነ ሰው ሆዱ ባሰው ይባላል፤ ደፋሩ ሐሞተ ኮስታራ ነው፤ ነገረኛው ጨጓራ ያቃጥላል፤ ምስኪኑ አንጀት ይበላል። እንዲህ በየቀኑ ስማቸውን የምናነሣቸው የሆድ ዕቃዎች ሥራቸው ምን እንደሆነ ብንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን መልስ እናጣለን። እኛም አንድ የሥራ ባልደረባችን እስኪያነቃን ድረስ ከነዚሁ ወገን ነበርን።

ይህ ባልደረባችን ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ወደ አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ጭሮ ወደምትባለው ከተማ የተመደበ ወጣት ነው። ከመጣ ስድስት ወር ሳይሞላው ሆዱን ይነፋው፣ ቃር ያቃጥለው፣ የሆድ ድርቀትም ሦስትና አራት ቀን ያስጨንቀው ጀመር። ተከሳሹን ለማግኘት አልዘገየም። «በጤፍ ያደገ አንጀት ማሽላን እንዴት ይችላል?» እያለ በየምሳው ገበታ የምዕራብ ሐረርጌን የማሽላ እንጀራ ይወቅሳል። እኛ ግን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የተከሳሹን ጉዞ ከአፍ ጀምረን መመርመር ግድ ሆነብን። አንባቢም አብሮን ይጓዝ።

ጉርሻው አፍ ሲገባ ጥርስ ያደቅቀዋል፤ ምራቅ ያርሰዋል። በምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ዳቦን አብዝተን ስናላምጠው ጣፈጥ የሚለን ስለዚህ ነው። ከዚያ ወዲያ ጉርሻው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል በሚረዝም ቧንቧ ወደ ታች ይሄዳል። የሚወርደውም በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ የቧንቧው ጡንቻዎች ከኋላው እየተኰማተሩ ይገፉታል እንጂ።

ጨጓራ የጡንቻ ከረጢት ነው። ምግቡን ከኃይለኛ አሲድ ጋር እየናጠ ያልመዋል፤ አብረው የገቡትንም ተሕዋስያን አብዛኞቹን ይገድላል። ይህ አሲድ ራሱን ጨጓራውን እንዳይበላው ውስጡ በሚያዳልጥ ፈሳሽ ተሸፍኗል። ምግብ እዚህ እንደ ዓይነቱ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቈያል፤ ቅባት የበዛበት ከሌላው ይዘገያል። ከዚያም ጥቂት በጥቂት 6 ሜትር ያህል ወደሚረዝመው ቀጭኑ አንጀት ይለቀቃል።

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ጉበት የሠራው ሐሞት ሳሙና የዕቃን ቅባት እንደሚበትን የምግቡን ስብ ይበትነዋል። ቆሽትም አሲዱን የሚያበርድና ምግቡን የሚያደቅ ፈሳሽ ይልካል። የላመው ምግብ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ እንደ ከፋይ በቆሙ ደቃቅ ጣቶች ተመጥጦ ወደ ደም ይገባል፤ የሚበዛውም አስቀድሞ በጉበት በኩል ያልፋል። ጉበት እንደ ኬላ ጠባቂ ነው፤ የሚጠቅመውን ያስቀምጣል፣ ያከፋፍላል፣ መርዙን ያከሽፋል። የተረፈው 1 ሜትር ተኩል ወደሚሆነው ትልቁ አንጀት ሲደርስ ውሃው ይመጠጣል። ስለዚህ እዚያ ብዙ የዘገየ ነገር ደርቆ ያስቸግራል።

እስከዚህ ድረስ የማሽላው ጥፋት ምንድን ነው? የበሰለ ማሽላ ፕሮቲኑ ከሌላው እህል ይልቅ ለመፈጨት ጥቂት እንደሚያስቸግር የታወቀ ነው። ነገር ግን ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ይህ ችግር ይቃለላል፤ የእህሉ ገለባም አንጀትን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያደርቅም። እንግዲህ ሌላ ተጠርጣሪ መፈለግ አለብን። ለዚህም ይህን ሁሉ ሠራተኛ ማን እንደሚያዝዘው ማወቅ ያስፈልጋል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1822 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት አሌክሲ ሴንት ማርቲን የሚባል ወጣት በባረቀ ጠመንጃ ሆዱን ቈሰለ። ወታደራዊው ሐኪም ዊልያም ቦሞንት ነፍሱን አተረፈለት፤ ቍስሉ ግን ጨጓራውን የሚያሳይ ቀዳዳ ትቶ ዳነ። ሐኪሙም በሐር ክር ያሰረውን ምግብ በቀዳዳው እያስገባና እያወጣ ለዓመታት ተመራመረ፤ ያየውንም በ1833 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳተመ። ካያቸው ነገሮች አንዱ ሰውዬው በተቈጣ ጊዜ የምግቡ መፈጨት የሚታወክ መሆኑ ነው። አባቶቻችን ኀዘንን ከሆድ ጋር ያገናኙት በከንቱ አልነበረም። ሰው ሲረጋጋ ነርቮቹ አንጀቱን ያሠሩታል፤ ሲደነግጥና ሲቈጣ ግን ልቡ ይፈጥናል፣ አፉ ይደርቃል፣ የአንጀቱ ሥራ ይቀዘቅዛል። ጅብ ፊቱ የቆመበት ሰው ምሳውን የሚፈጭበት ፋታ የለውም።

አሁን የባልደረባችንን ውሎ እንይ። በዕረፍት ቀን ከምሳ ጀምሮ፣ በሥራ ቀን ከቢሮ መልስ በርጫ ላይ ይቀመጣል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሰውነትን ልክ እንደ ደነገጠ ሰው ያነቃቃል። ምርቃና የሚሉት ይኸው ነው። ጅቡ ሳይኖር ሰውነት በተጠንቀቅ ይቆማል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ጫት መቃም ምግብ ከጨጓራ የሚወጣበትን ጊዜ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። በቅጠሉ ያለው ታኒን ደግሞ ድርቀትን ያብሳል። የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ እራት ይቀራል፤ እንቅልፍም ይርቃል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ሲጨመርበት ጨጓራው በባዶው አልኮል ይቀበላል። ጠዋትም ቍርስ የለም። ለፈተና ብለው ሌሊቱን በጫት የሚያነጉ ተማሪዎች ውሎም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ነገሩ በቃርና በድርቀት ብቻ ቢያበቃ በተሻለ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. የታተመ፣ በሐረር የተደረገ ጥናት ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ የያዛቸውን 150 ሰዎች በሽታው ከሌለባቸው 300 ሰዎች ጋር አስተያይቶ፣ ጫት አብዝተው በቃሙት ላይ በሽታው ይበልጥ እንደሚታይ አመልክቷል። ኬላ ጠባቂው ራሱ ሲታመም ጭነቱን ማን ይፈትሻል?

ከሂርና እስከ በዴሳ፣ ከጭሮ እስከ ገለምሶ ጫት የብዙ ገበሬ ቤት ምሰሶ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ በአምራቹ ላይ ጣት አንቀስርም። የምንናገረው ከእኩዮቻችን ጋር ነው። ነገ ቢሮውንና ትምህርት ቤቱን የሚረከብ ወጣት በሃያ አምስት ዓመቱ ሆዱን ይዞ ጠረጴዛ ላይ ሲደፋ ማየት ያሳፍራል፤ ያስፈራልም። እራት ይበላ፣ ውሃ ይጠጣ፣ በርጫውም ይቀነስ፤ መተው የሚችልም ይተው። የሆድ ሕመም ብዙ ምክንያት ስላለው፣ የሚደጋገምበት ሰው፣ ይልቁንም ደም የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቈረበት ሰው፣ ከጓደኛ ምክር ይልቅ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ይህን ሁሉ ለባልደረባችን ነገርነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማንና «እስቲ ከእራቱ ልጀምር» አለ። እስከዚያው ማሽላው በነጻ ይለቀቅ።