የቅልጥም አጥንት

በሱጁድ መሬት ከሚነኩት ሰባት አካላት አራቱ ጉልበቶቻችንና የእግሮቻችን ጣቶች ናቸው። ጉልበትን ከቁርጭምጭሚት የሚያገናኘው ቅልጥም ነው፤ የበሬውን ለሾርባ እናውቀዋለን። ከጭን አጥንት ቀጥሎ በሰውነታችን ረጅሙ አጥንት ሲሆን፣ የቆመ ሰው ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። በጎኑ ያለው ቀጭኑ አጥንት የሚሸከመው ጥቂት ነው።

ከኋላው የባት ሥጋ አለው፤ ፊቱን የሸፈነው ግን ቆዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሰበር ቆዳውን ቀዶ ሊወጣ ይችላል። ወደ ታችኛው ክፍሉ የሚደርሰው ደም አነስተኛ በመሆኑም ለመጠገን ወራት ይፈጃል።

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን ባለችው ጫኖ ማንጎ ሊለቅም የወጣ ልጅ ወደቀ እንበል። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስበው ወጌሻ ይሆናል። የወጌሻን እጅ አንንቅም። ነገር ግን እግር ከተሰበረ በኋላ ያብጣል፤ በቀርከሃ ጠብቆ ከታሰረ ደም ይቋረጥበታል፣ እስከ መቆረጥም ያደርሳል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከባሰ ማሰሪያው ወዲያው ይላላ፤ ልጁም ሳያድር አርባ ምንጭ ሆስፒታል ይድረስ።

ጄሶ የታሰረለት ሰው ለውዱእ ብሎ አይፍታው፤ በእርጥብ እጅ ላዩን ያብስ። መቆም ካልቻለም ተቀምጦ ይስገድ።