በነቀርሳ ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን

በአማርኛ ነቀርሳ የሚለው ስም ለሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች ይነገራል። አንደኛው እያሳለ ሰውን የሚያከሳው የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ሁለተኛው የሰውነት ሕዋሳት ሥርዐታቸውን ትተው ያለ ልክ በመብዛት እጢ የሚሆኑበት፤ ዛሬ ብዙ ሰው ካንሰር እያለ የሚጠራው ነው። ሮበርት ኮክ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1882 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በአጉሊ መነጽር አሳየ። ካንሰር ግን ከበሽተኛው ከራሱ ሥጋ የሚነሣ መሆኑ ስለ ታወቀ፤ ሁለቱ በሽታዎች በስም አንድ፤ በጠባይ ግን ባዕዳን ሆነው ኖሩ።

ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሕክምና ሊቃውንት ከበሽተኞች የተቈረጠውን እጢ በረቀቀ መሣሪያ ሲመረምሩ፤ በአንዳንዱ እጢ ውስጥ ባክቴሪያዎች ሰፍረው፤ አንዳንዶቹም በካንሰሩ ሕዋሳት ውስጥ ገብተው አገኟቸው። ከዚህም አንድ ብርቱ ጥያቄ ተነሣ። ይኸውም እነዚህ ተሕዋስያን ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ፍርስራሹን መጠጊያ ያደረጉ መንገደኞች ናቸው ወይስ ቤቱን ካፈረሰው ወንበዴ ጋራ የተባበሩ ናቸው የሚል ነው። መልሱ ለክርክር ብቻ የሚፈለግ አይደለም። መንገደኞች ቢሆኑ ሐኪሙ እነርሱን ትቶ ወንበዴውን ብቻ ይዋጋል፤ ተባባሪዎች ቢሆኑ ግን እነርሱን ሳያስወግድ የሚሰጠው መድኃኒት ከንቱ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ዊልያም ኮሊ የተባለው የኒውዮርክ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም፤ እጢ የነበረበት አንድ ሰው ቆዳን የሚያቀላ ብርቱ የትኩሳት በሽታ ከያዘው በኋላ እጢው እንደ ጠፋ ተረዳ፤ ከ1891 ጀምሮም ያንኑ በሽታ የሚያመጣውን ባክቴሪያ በሌሎች በሽተኞች እጢ ውስጥ በመርፌ ያገባ ጀመር። ከአንዳንዶቹ እጢው ጠፋ፤ ሌሎቹ ግን በባክቴሪያው ተጐዱ፤ በኋላም የጨረር ሕክምና ሲስፋፋ የኮሊ ዘዴ ተተወ። ዮሐንስ ፊቢገር የተባለው የዴንማርክ ሊቅ ደግሞ በአይጥ ጨጓራ ውስጥ ካንሰርን የሚያመጣ ትል አገኘሁ በማለቱ የ1926 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ነገር ግን ሌሎች ሊቃውንት ኋላ ቢመረምሩት ነገሩ እንደ ተባለው ሆኖ አልተገኘም። የዚህ ስሕተት ትዝታ ብዙዎችን ጠንቃቆች አደረጋቸው።

በ1980ዎቹ ግን ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሁለት የአውስትራልያ ሐኪሞች በሰው ጨጓራ ውስጥ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ እንደሚኖርና ጨጓራን እንደሚያቈስል ገለጡ። ማርሻልም በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እንደ ታመመ አሳየ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1994 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን ባክቴሪያ ካንሰርን ከሚያመጡት ነገሮች ቍጥር አገባው፤ ሁለቱም ሐኪሞች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በእጢ ውስጥ ከሚገኙት ተሕዋስያን መካከል በብዙ የተመረመረው ፉዞባክቴሪየም ኑክሊያተም የሚባለው ነው። የዚህ ባክቴሪያ መኖሪያ የሰው አፍ፤ ይልቁንም በጥርስና በድድ መካከል ያለው ስፍራ ነው። በ2012 በቦስተንና በቫንኩቨር የሚሠሩ ሁለት የመርማሪዎች ማኅበሮች፤ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ባሳተሙት ጽሑፍ፤ ባክቴሪያው በትልቁ አንጀት ካንሰር ውስጥ በአጠገቡ ካለው ደኅና ሥጋ ይልቅ በዝቶ መገኘቱን አስታወቁ። የአፍ ነዋሪ በአንጀት እጢ ውስጥ እንዴት ሊበዛ ቻለ ቢባል፤ በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ምክንያቱን አስረድተዋል። በባክቴሪያው ገላ ላይ ፋፕ ሁለት የሚባል ፕሮቲን አለ፤ በካንሰሩ ሕዋሳት ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ዐይነት ስኳር በዝቶ ይገኛል፤ ፕሮቲኑም ይህን ስኳር እንደ መንጠቆ ይይዘዋል። ይኸው ፕሮቲን ሰውነትን የሚጠብቁትን ነጭ የደም ሕዋሳት ከሥራቸው ያግዳል። ይህም ዘበኛውን አስተኝቶ ለሌባ በር እንደሚከፍት አሽከር ማለት ነው።

በ2017 የቦስተን መርማሪዎች ከአንጀት ወደ ጉበት በተዛመተ ካንሰር ውስጥ ያው ባክቴሪያ እንደሚገኝ ገለጡ። ባክቴሪያው ያለበትን የሰው እጢ በአይጦች ላይ ተክለው ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን መድኃኒት ቢሰጧቸው፤ ባክቴሪያው ቀነሰ፤ የእጢውም ዕድገት ዘገየ። በ2024 ደግሞ በሲያትል ያሉ መርማሪዎች የሁለት መቶ ያህል በሽተኞችን የአንጀት እጢ ተመልክተው፤ ከዚህ ባክቴሪያ ወገን አንድ ልዩ ነገድ በግማሽ ያህሉ እጢ ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ።

በእስራኤል አገር የቫይዝማን ተቋም ሊቅ የሆኑት ራቪድ ስትራውስማንና ባልደረቦቻቸው በበኩላቸው 113 የቆሽት ካንሰሮችን መርምረው በ86ቱ ውስጥ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን በ2017 አስታወቁ። ከነዚህም ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ለቆሽት ካንሰር የሚሰጠውን ጄምሲታቢን የሚባለውን መድኃኒት አፍርሶ ኃይሉን የሚያጠፋ ኤንዛይም ያላቸው ናቸው። እንግዲህ አንዳንድ በሽተኛ መድኃኒቱ ሳይረዳው የሚቀርበት አንድ ምክንያት ይህ ሊሆን እንደሚችል ተገመተ።

ነገር ግን በዚህ ምርምር ትልቅ ፈተና አለ። በእጢ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ባክቴሪያ ግን በቈራጩ እጅ፤ በውሃው፤ በብልቃጡም ሳይቀር አለ፤ ስለዚህ ከውጭ የገባውን ከውስጥ እንደ ተገኘ አድርጎ መቍጠር ይቻላል። በ2020 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ጽሑፍ፤ በእጢና በደም ውስጥ በሚገኝ የተሕዋስያን ምልክት ከ30 የሚበልጡ የካንሰር ዐይነቶችን መለየት ይቻላል ብሎ ነበር። በ2023 ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ መዝገብ እንደ ገና ቢመረምሩት፤ የባክቴሪያ ነው ከተባለው ብዙው የሰው የራሱ የዘር ምልክት ሆኖ ተገኘ፤ በሒሳቡም ውስጥ ስሕተት ታየ። በ2024 መጽሔቱ ጽሑፉን ሻረው። የታተመን ቃል በአደባባይ መሻር ለጊዜው ያሳፍራል፤ ዳሩ ግን ስንዴውን ከእንክርዳዱ የሚለይ ወንፊት መኖሩን ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ ለሕዝብ የሚጠቅመው ምክር ምንድር ነው ቢባል ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፤ በእጢ ውስጥ ተሕዋስያን ተገኙ ማለት ካንሰር እንደ ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ይተላለፋል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ማንም ሰው የካንሰር በሽተኛን ከማዕዱና ከአልጋው ዳር ሊርቅ አይገባውም። ሁለተኛ፤ ሜትሮኒዳዞል በአይጦች ላይ የሠራውን ሥራ ሰምቶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው። የሰውነትን ዘበኞች በሚያነቃው አዲሱ የካንሰር ሕክምና ላይ የነበሩ በሽተኞች፤ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል የተጠቀሙት እንዳነሱ በ2018 የታተመ ምርምር አመልክቷል፤ በአንጀት ውስጥ ወዳጅ የሆኑ ባክቴሪያዎችም ስላሉ ሁሉን በአንድነት መፍጀት ጕዳት አለው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ገና የሚመረመረው እስኪጠራ ድረስ፤ የተረጋገጠውን ቸል ማለት አይገባም። ሃራልድ ሱር ሃውዘን የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ የማሕፀን በር ካንሰር ከአንድ የቫይረስ ወገን የሚመጣ መሆኑን አስረድተው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ይህን ቫይረስ የሚከላከለውም ክትባት በኢትዮጵያ ለዐሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ተሰጥቷል። ለጉበት ካንሰር መነሻ የሚሆነውን የጉበት ቫይረስ የሚከላከል ክትባትም አለ።

ክትባቱ በጊዜው እንዲደርስ፤ መመርመሪያውም በየአውራጃው እንዲገኝ ማድረግ የሹማምንት ፋንታ ነው። ነገር ግን እናት ልጅዋን ወደ ክትባት ከመውሰዷ በፊት የነፍስ አባቷን ትጠይቃለች፤ በሽተኛም እብጠቱን ለሐኪም ከማሳየቱ በፊት ለንስሐ አባቱ ይናገራል። በዚያች ሰዓት ካህኑ ጸሎቱን ሳያስታጕል፤ ዛሬውኑ ሂድና ታይ ብሎ ቢያሰናብተው፤ እጢው ገና ትንሽ ሳለ ይደረስበታል። ቢዘገይ ግን የተሕዋስያኑም የመድኃኒቱም ነገር ለዚያ ሰው የሚጠቅመው ጥቂት ይሆናል።